ሸማችን በጅቡቲ በኩል ያለፈበት መንገድ

 

ባለፈው ስለ ባህል ልብስ ሱቆቻችን ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። አንድ ወንድማችን ከሥሩ «ሱቅ ንግድ ነው፤ ባህልን የሚጠብቀው ሙዚየምና የእምነት ቦታ ነው እንጂ ነጋዴ ምን አገባው?» ብሎ ጠየቀኝ። ብዙዎቻችሁም ተስማማችሁበት። ቅር አላለኝም፤ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን በአንድ ኮሜንት የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ መጻፌ ነው። ቡና አፍሉና አንብቡት። ዓመታቱን ያስቀመጥኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

መልሴን ከፊት ላስቀድመው። የሀገር ልብሳችን እስከ ዛሬ የደረሰው ቤተሰቦች እየሠሩ፣ እየሸጡ፣ እየለበሱ ስላቆዩት ነው። ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የተረሳ ሸማ ብል ይበላዋል። የተረፈው በየትውልዱ ገበያ የወጣው ነው፤ አባት ሽጦት ልጆቹን ያበላበት፣ ልጁም ይህን አይቶ ሙያውን የተማረው። ደግሞም የዚህ ታሪክ ትልቅ ክፍል ያለፈው ዛሬ እኛ በምንኖርባት በዚች ከተማ በኩል ነው። ይህን ልጆቻችን አያውቁም፤ ብዙዎቻችንም አናውቅም።

አንድ፦ ሸማ የቤተሰብ ሥራ ነው

ከሥሩ እንጀምር። ጥጥ ሲመጣ መጀመሪያ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፣ ይፍታታል፤ ባዘቶ ይሆናል። እናት ባዘቶውን ይዛ እንዝርቱን ታሾራለች፤ ክሩ እየረዘመ እንዝርቱ ላይ ይጠመጠማል። ይህ የሴት ሥራ ነው። የሽመናው ሥራ የወንድ ነው፤ አባት ከጉድጓዱ ጠርዝ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች አውርዶ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል። ትንሹ ልጅ ደግሞ ማጉን በቀሰም ላይ ያጠነጥናል። ማጠንጠን ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ አባቱን ሲያይ የሚውለው በዚህ ሰበብ ነው። ትምህርት ቤቱ ያ ነበር።

እንግዲህ አንድ ነጠላ ስናይ የእናት እጅ፣ የአባት እጅና የልጅ እጅ አብረው አሉበት። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሸማ የለም። የእኛ ሰው ኅብረትን ለመግለጽ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያለው በሸረሪት ድር ብቻ አስቦ አይመስለኝም፤ ክር በየቤቱ የሚፈተልበት ሀገር ነው።

ይህ ቤት መሥሪያ ቤትም ሱቅም ነበር። የገበያ ቀን ሲደርስ ጋቢውና ኩታው ታጥፎ በትከሻ ይወጣል፤ ተሽጦ እህልና ጨው ይገዛበታል። ስለዚህ «ንግድ» እና «ባህል» ብለን ዛሬ የምንለያቸው ነገሮች በዚያ ቤት አንድ ነበሩ።

ሁለት፦ መሬት የሌለው ሰው እጁን ይይዛል

አሁን የሚያሳፍረንን እንናገር። በነጭ ልብሳችን እንኮራለን፤ የሠራውን ሰው ግን ለዘመናት ሰድበነዋል። ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» ይሉት ነበር። ባለርስቱ ሸማኔ የሠራውን ጥበብ ለብሶ ቤተ መንግሥት ይገባል፤ ሸማኔውን ግን ልጁን አይድርለትም።

በሰሜን በጎንደርና በዙሪያዋ ከሽመናው ሥራ ብዙውን የያዙት ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ለምን? ርስት ስለተከለከሉ ነው። መሬት የተነፈገ ሰው የሚይዘው እጁን ነው። በደቡብ ደግሞ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ ያሉት ዶርዜዎች በሽመና የታወቁ ናቸው። የምኒልክ ጦር ደቡብን ከያዘ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሰፈሩ። ዛሬ የሀገር ልብስ ለመግዛት አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ የሚመራው ወደዚያው ነው። አያት ሸማኔ፣ አባት ሸማኔ፣ ልጅ ደግሞ ከፊት ለፊት ሱቅ ከፍቶ ሻጭ የሆነበት ቤት በሽሮ ሜዳ ብርቅ አይደለም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን መስደብ ከልክለዋል። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዝዘዋል። አዋጁ መውጣቱ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ይመሰክራል። ንጉሡ ቢከለክሉም አንዱ አዋጅ የሰውን ምላስ አላጠፋውም፤ ብዙዎቻችን ስድቡን በልጅነታችን ሰምተነዋል።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም ዛሬ መሬት የሌለን ሰዎች ነን። መታወቂያችን የስደተኛ ነው፤ ርስት የለንም፤ ይዘን የተሻገርነው በእጃችንና በጭንቅላታችን ያለውን ነው። የሸማኔው ታሪክ የእኛም ታሪክ ነው። ተንቆ፣ ከመሬት ተገፍቶ፣ ግን የሀገሩን መልክ በእጁ ያቆየ ሰው ነውና ከእርሱ የምንማረው አለን።

ሦስት፦ አቡጀዲ፣ ባቡርና ጅቡቲ

ወደ ከተማችን ልምጣ። ፕላስ ሪምቦን የማያውቅ ማን አለ? ዛሬ ስሙ ማህሙድ ሀርቢ አደባባይ ነው፤ ሰው ግን አሁንም በድሮው ስም ይጠራዋል። ሪምቦ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነበር። በ1880 ሐረር ሲገባ ግን ግጥሙን ትቶ የነጋዴ ተቀጣሪ ሆኖ ነው የገባው። ድርጅቱ ቡናና ቆዳ ይገዛል፣ የጥጥ ጨርቅ ይሸጣል። በኋላም ከታጁራ ተነሥቶ ጠመንጃ ጭኖ ወደ ምኒልክ ሄዷል። ያኔ ጅቡቲ የምትባል ከተማ ገና አልተቆረቆረችም፤ በታጁራና በዘይላ በኩል ግን ጨርቅ በግመል ይገባ ነበር።

በብዛት ይገባ ከነበረው ጨርቅ አንዱ አቡጀዲ ነው። አቡጀዲ የአሜሪካ ጨርቅ ነበር፤ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ፋብሪካዎች የተሸመነ ያልነጣ ወፍራም ጥጥ። በ1830ዎቹ የሴለም ወደብ ነጋዴዎች ወደ ዛንዚባር ያመጡት ጀመር፤ ስዋሂሊዎች «መሪካኒ» አሉት፣ እኛ አቡጀዲ አልነው። በ1903 የአሜሪካ መንግሥት ሮበርት ስኪነር የሚባል መልእክተኛ ወደ ምኒልክ ሲልክ፣ መልእክተኛው ከመርከብ የወረደው እዚሁ ጅቡቲ ነው። በታኅሣሥ ወር አዲስ አበባ ላይ የንግድ ውል ተፈራረመ። አሜሪካኖቹን ካሳሰባቸው ነገር አንዱ ይህ የጥጥ ጨርቅ ገበያ ነበር። ኢትዮጵያና አሜሪካ መጀመሪያ የተዋዋሉበትን ወረቀት ስታነቡ ከጀርባው አንድ ጣቃ አቡጀዲ አለ ማለት ነው።

የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ መነጠፍ የጀመረው በ1897 ነው። ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917። ወደ 784 ኪሎ ሜትር። በግመል ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጭነት በቀናት ደረሰ። ወደ ታች ቡናና ቆዳ ይወርዳል፤ ወደ ላይ ጨርቅና ክር ይወጣል። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ከውጭ ከምታስገባው ዕቃ ትልቁን ቦታ የያዘው የጥጥ ጨርቅ ነበር። እንደ ሞሐመድ ዓሊ ያሉ የሕንድ ነጋዴ ቤቶች፣ አባት ለልጅ እያወረሱ፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ሱቅ ከፍተው አከፋፈሉት። በ1930ዎቹ ደግሞ የጃፓን ጨርቅ በርካሽ ገብቶ የአሜሪካውን አስወጣ።

በዚያ ዘመን ፈረንሳዮቹ ያቀኑት የዚች ከተማ ዋና አደባባይ «ፕላስ መነሊክ» ይባል ነበር፤ ከነፃነት በኋላ የሰኔ 27 አደባባይ ተባለ። የስሙ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከተማዋ የቆመችው ወደ ኢትዮጵያ በሚሄደው ጭነት ላይ ነበር።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ይህ ሁሉ የፋብሪካ ጨርቅ ሲገባ የሀገራችን ሸማኔ ለምን አልጠፋም?

እኔ እንደሚገባኝ ሁለት ነገር አድርጓል። አንደኛ፣ ተራውን ለአቡጀዲ ተወለት። ሱሪው፣ እጀ ጠባቡ፣ ድንኳኑ የአቡጀዲ ሆነ። ሸማኔው ፋብሪካ ወደማይችለው ወደ ጥለትና ጥበብ አተኮረ። ለሠርግ፣ ለበዓል፣ ለለቅሶ የሚለበሰውን ያዘ። ሁለተኛ፣ ከውጭ የመጣውን ክር አልጠላውም። ድሩን በፋብሪካ ክር አደረገው፤ ጠንካራ ነው፣ አይበጠስም። ማጉን የእናቶችን ፈትል አደረገ፤ ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል። ቀለም ያለውንም ክር ለጥለቱ ተጠቀመበት። ዛሬ ሽሮ ሜዳ ገብታችሁ ስትጠይቁ «ፈትል ነው? ሳባ ነው? መነን ነው?» ይሏችኋል፤ እያንዳንዱ የክርና የጨርቅ ዓይነት ስም ነው።

እንግዲህ «ንጹህ የሀገር ልብስ» የምንለው ነጠላ ድሩ ከወደብ፣ ማጉ ከእናት ቤት የመጣ ነው። ይህ ክብሩን አይቀንስበትም። ሸማኔው የመጣበትን ነገር የራሱ አድርጎ ቀጠለ።

አራት፦ መኪና ግርግር

ከጅቡቲ ወደ ላይ በሐዲዱ ስንወጣ ድሬዳዋ፣ ከድሬ ተራራውን ስንወጣ ሐረር። ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስድ ጠባብ መንገድ አለ፤ መኪና ግርግር ይባላል። የምን መኪና? የልብስ ስፌት መኪና! በግራና በቀኝ የተደረደሩት ሰፊዎች ሲረግጡት ከሚያሰማው ድምፅ ነው ስሙ የወጣው። ጨርቁን ከአጠገቡ ሱቅ ትገዛላችሁ፣ ለሰፊው ትሰጣላችሁ፣ ገበያችሁን ጨርሳችሁ ስትመለሱ ተሰፍቶ ይጠብቃችኋል። ሐረሪ፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ሶማሌ፣ አርጎባ፣ ሁሉም የየራሱን አሰፋፍ ይዞ ይመጣል፤ ሰፊው ሁሉንም ማወቅ አለበት። የሐረሪ ሙሽራ ቀሚስ እንዴት እንደሚሆን፣ የኦሮሞዋ እናት የት ጋ ሰፋ እንዲልላት እንደምትፈልግ አባት ለልጁ ያሳየዋል።

ወንድሜ፣ «ሙዚየም» ላልከኝ መልሱ እዚያ መንገድ ላይ ነው። ሙዚየም ቀሚሱን ያስቀምጥልሃል። ቀሚሱ እንዴት እንደሚለካ፣ የት ጋ እንደሚታጠፍ፣ ለማን እንደሚሰፋ ግን የሚያውቀው ያ ሰፊ ነው። ዩኔስኮም ቢሆን በ2003 ስምምነቱ ሕንፃና ሐውልት ብቻ ሳይሆን የእጅ ሙያና የቃል ዕውቀትም ቅርስ ነው ብሎ ተቀብሏል። በ2024 የጋና የኬንቴ ሽመና ተመዘገበ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ የሚጋሩት የኢሳ የቃል ሕግ፣ ሔር ኢሴ፣ ተመዘገበ። ድንበር የማያግደው ቅርስ እንዳለ ጎረቤቶቻችን አሳይተውናል።

አምስት፦ እዚህ ያለው ሱቅ ምን ይጠብቃል?

አሁን ወደ እኛ። እዚህ ከተማ እናትና ልጅ የሚያንቀሳቅሷት ጠባብ የልብስ ሱቅ አውቃለሁ። ስማቸውንም ሰፈሩንም አልጠቅስም፤ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ከደጅ የሚታየው ድሪያ፣ ጋርባሳርና ሽርጥ ነው፤ የዕለት እንጀራ ከዚያ ነው። የጅቡቲ ሐምሌ በሐበሻ ቀሚስ አይወጣም፤ ካምሲን ሲነፍስ ስስ ድሪያ ብቻ ነው የሚያዘልቅ። ከውስጥ በመደርደሪያው ላይ በፌስታል የተጠቀለለው ግን ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሕፃናት ቀሚስና መቀነት ነው። ድሬዳዋና አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው በሻንጣ ያመጣላቸዋል።

እዚህ የሚሸምን የለም። ጥጥ የሚነድፍ የለም። ከሦስቱ እጆች አንዱም እዚህ የለም ማለት ነው። ታዲያ ሱቋ ምኗን ትጠብቃለች?

አለባበሱን ነው የምትጠብቀው። አንድ ጊዜ እዚያ ቁጭ ብዬ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ወጣት ገባ። እናቱ ለቅሶ ደርሷቸዋል፤ ታላቅ ወንድማቸው ሀገር ቤት አርፈዋል፤ ነጠላቸው አርጅቶ አዲስ ይፈልጋሉ። ልጁ ያማረውን፣ ጥለቱ የደመቀውን መረጠ። ባለሱቋ ከእጁ ወሰደችና «ልጄ፣ ይሄ ለሠርግ ነው። ለሐዘን ጥለቱ ቀጠን ያለውን ያዝ» አለችው። ከዚያ ዘርግታ አሳየችው። «ሲያዝኑ ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል፣ ወደ አንገት። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ደግሞ እንዲህ መስቀለኛ ይጣፋል። ለማገልገል ሲቆሙ ያደገድጉታል። እናትህ ያውቁታል፤ አንተም እወቀው።» ልጁ በስልኩ ቀረጸው። ሒሳቡን ሲከፍል «እትዬ፣ እኔ ዝም ብሎ ጨርቅ ይመስለኝ ነበር» አለ።

ልብ በሉ። እኛ ሰው ነጠላውን እንዴት እንዳደረገው አይተን ብቻ ሐዘን ላይ መሆኑን እናውቃለን፤ ቃል አያስፈልግም። መንገድ ላይ አይተነው «ማን ሞተብህ?» ብለን እንጠይቃለን። ይህ ቋንቋ ነው። በስደት ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን በለቅሶ ነው፤ ምክንያቱም ሬሳ ላይ አንደርስም። እናታችን ስትሞት በስልክ ነው የምንሰማው። አፈር አናለብስም። ያለን ነገር አንድ ክፍል ቤት፣ የሰፈር ሰው፣ ንፍሮና ነጠላ ነው። ልጆቻችን ይህን ቋንቋ ካላወቁ እኛ ስንሞት እንዴት እንደሚያዝኑልን አያውቁም። ነገሩን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት።

ስድስት፦ የሎሜ እናቶች

ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ «ናና ቤንዝ» የሚባሉ ሴት ነጋዴዎች ነበሩ። የሚሸጡት ባለቀለም የሰም ጨርቅ በ1846 ሆላንድ ውስጥ የተመሠረተው የቭሊስኮ ፋብሪካ ያትመው ነበር። ጨርቁ የሆላንድ ይሁን እንጂ ነፍስ የዘሩበት እነርሱ ናቸው። ለየንድፉ ስም ያወጡለታል፤ የትኛው እንደሚሸጥ ለፋብሪካው ይነግሩታል፤ ንድፉን ለብቻ የመሸጥ መብት ይዘው ከእናት ወደ ልጅ ያስተላልፋሉ። ሀብታቸው ከመብዛቱ የተነሣ መርሴዲስ ቤንዝ ገዙና ስማቸው ከዚያ ወጣ።

ምን ገጠማቸው? በጥር 1994 የሴፋ ፍራንክ በአንድ ቀን ግማሽ ዋጋውን አጣ። ከአውሮፓ የሚመጣው ጨርቅ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሆነ፤ ደንበኛ ቀረ። ከዚያ አስመስሎ የታተመ የቻይና ጨርቅ በርካሽ ገባ። ንድፉ የነማን እንደሆነ የሚጠይቅ ጠፋ። ሆኖም ሁሉም አልጠፉም፤ ተከታዮቻቸው «ናኔት» ተብለው አሁንም በገበያው አሉ፤ አንዳንዶቹ የቻይናውንም እያስመጡ ይሸጣሉ። የሎሜ ትምህርት ይህ ነው፦ ዕውቀቱ በቤተሰብ እጅ ካለ ገበያ ቢወድቅ እንኳ የሚነሣበት ሥር አለው።

ሰባት፦ እኛስ?

የእኛን ሒሳብ እንሥራ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ177.7 ታስሮ አለ። ብር ግን በሐምሌ 2024 ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 3,000 ብር የሚሸጥ ቀሚስ በድሮው ምንዛሪ 9,350 ፍራንክ ገደማ ነበር። ብሩ በግማሽ ወርዶ የቀሚሱ ዋጋ ባይጨምር ኖሮ 4,700 ፍራንክ አይሞላም ነበር። የሎሜ እናቶች ጨርቁን ከውጭ ስለሚገዙ ምንዛሪው ጎዳቸው። እኛ በብር ገዝተን በፍራንክ የምንለብስ ሰዎች ግን ተጠቀምን። ማን ከፈለው? ሸማኔው። ክሩ ተወድዶበት፣ ጤፉ ተወድዶበት፣ የድካሙ ዋጋ በእኛ ፍራንክ ሲመነዘር ያነሰው የእርሱ ነው። ስለዚህ «እዚያ እኮ ርካሽ ነው፣ ቀንሱልኝ» እያልን ከሱቅ ስንከራከር የምንቀንሰው ከማን እንደሆነ እናስብ።

ሁለተኛው ነገር በማሽን የታተመው ማስመሰያ ነው። ከሩቅ ጥለት ይመስላል፤ ሲቀርቡት የታተመ ፖሊስተር ነው። ለሙቀቱም አይሆንም፤ ላብ አይመጥም፤ በዚህ ሀገር ሐምሌ ያቃጥላል። ኪሱ የማይፈቅድለት ሰው ይግዛው፣ አልፈርድም። ሠርግ ላይ አምሮበት ለመታየት መብቱ ነው። ግን ለይቶ ይግዛ። የሚለየው እንዲህ ነው፤ ጥለቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት። የተሸመነ ከሆነ ክሩ በጀርባም ይታያል፤ የታተመ ከሆነ ጀርባው ፈዛዛ ወይም ባዶ ነው። ለልጆቻችሁም ይህችን ብቻ አስተምሯቸው፤ የተሸመነና የታተመ የሚለይ ልጅ ስለ ሸማኔው መጠየቁ አይቀርም።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። ጅቡቲ በጥር 2017 ባወጣችው የስደተኞች ሕግና በዚያው ዓመት መጨረሻ በተከተሉት ድንጋጌዎች ለስደተኛ የመሥራት፣ የመማርና የመታከም መብት ሰጥታለች። ይህን ያላወቁ ብዙ እናቶች ዕቃቸውን በፌስታል ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ፖሊስ ባዩ ቁጥር ይደነግጣሉ። የሕጉ መኖርና የቢሮው በር መከፈት አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ «ነገ ተመለስ» የሚለውን ቃል እኔም በደንብ እችለዋለሁ። ቢሆንም መብቱ ተጽፏል። ሱቅ ለመክፈት የምታስቡ ሰዎች መታወቂያችሁን አድሱ፣ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ፈረንሳይኛ የሚችል ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። ትምህርት ቤት የሚገቡት ልጆቻችን ፈረንሳይኛውን ይዘውታል፤ ለእናታቸው ሱቅ ያስተርጉሙ። እንዲህ ሲሆን ልጁም ሱቁን የራሱ ያደርገዋል።

ከዚህ በመነሣት አራት ነገር እጠይቃችኋለሁ።

1. እናትና አያት ያላችሁ ሁሉ ስልካችሁን አውጡና ጠይቋቸው። እንዝርት እንዴት ይዞራል? ባዘቶ እንዴት ይያዛል? በሰፈራችሁ ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ለሐዘን ምን ይለበስ ነበር? ድምፃቸውን ቅረጹ። ጽሑፍ አያስፈልግም፤ ድምፅ ይበቃል። የጋሞም፣ የወሎም፣ የሐረርም፣ የትግራይም፣ የወለጋም ይሁን። ሁሉም ያስፈልገናል።

2. ለበዓል አንድ ልብስ የምትገዙ ከሆነ አንዱን ከእኛው ቤተሰብ ሱቅ ግዙ። «እኔ ከሀገር ቤት አስልካለሁ» የምትሉትን አውቃለሁ። አስልኩ። ግን ሱቋ ከተዘጋች ለልጃችሁ አለባበሱን የሚያሳይ አይኖርም።

3. ውጭ የደረሳችሁ ዘመዶቼ፣ በየወሩ ከምትልኩት ላይ አንድ ጊዜ ለስፌት መኪና አስቡ። እዚህ በእጃቸው የሚሰፉ ጎበዝ እህቶች አሉ። አንድ የስፌት መኪና የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ የመኪና ግርግር ሰፊዎች ከአያት ወደ ልጅ ያስተላለፉት ያንኑ መኪና ነው።

4. ሸማኔን፣ ሰፊን፣ ሸክላ ሠሪን፣ ፋቂን የሚሰድብ ቃል ከቤታችሁ አውጡ። ልጆቻችሁ ፊት አትበሉት። ለብሰነው የምንኮራበትን የሠራ ሰው ልንሰድብ አይገባም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የከለከሉትን እኛ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን እንኳ መተው አለብን።

ለጠየቀኝ ወንድሜም አንድ ቃል። ነጋዴ ምን አገባው ላልከው፣ ያገባዋል። ሸማኔው መሬት ተነፍጎ፣ ተሰድቦ፣ አቡጀዲ ገብቶበት፣ ጦርነት አልፎበት፣ ሙያውን ለልጁ ሊያስተላልፍ የቻለው የሚገዛው ስላገኘ ነው። ገዢው ሲቀር ልጁ መወርወሪያውን ጥሎ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ አልፈርድበትም።

በሰፈራችሁ ስለ ሽመና፣ ስለ ስፌት፣ ስለ አለባበስ የምታውቁትን ከሥር ጻፉልኝ። የሰው ስምና አድራሻ አትጻፉ፤ ሙያውን ብቻ። የሚያስተምር ነገር ከተገኘ ሰብስቤ ለልጆቻችን የሚነበብ አድርጌ አወጣዋለሁ። ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸው፤ ማንበብ የማይችሉ ካሉ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸውና የተሳሳተ ካለ ያርሙኝ። ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

ሰላም ዋሉ። በሐዘን ላይ ያላችሁ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ።